ረቡዕ ተለጥፎ አርብ ያለቀ ማስታወቂያ፦ ስለ ኢንኮምፕሊት ግሬድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት እና ለአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊዎች
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ያላለቁ የኮርስ ሥራዎችና የኢንኮምፕሊት ግሬድ አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚህ ሐዋሳ ቅዳሜና እሁድ የምንማር ተማሪዎችን ወክዬ ነው። የተቋማችንን ስም አላነሳሁም። ጉዳዩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የምንፈልገውም እንዲስተካከል እንጂ የማንም ስም እንዲጠፋ አይደለም።

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በዋናው ሕንፃ መግቢያ ላይ ባለው ሰሌዳ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኢንኮምፕሊት (ያላለቀ ሥራ ያለበት ውጤት) ያለበት ተማሪ ሁሉ እስከ አርብ 11፡30 ድረስ እንዲያሟላ፣ ካላሟላ ግሬዱ ወደ ኤፍ እንደሚቀየር ይናገራል። ማስታወቂያው የወጣው ረቡዕ ነው። እኛ ደግሞ ግቢ የምንገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት 14 ሰዎች ቆመን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የዲላ ልጅ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የሚመጣው። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። «ለማን ላሳየው ነው?» አለ፣ ራሱን እንደሚጠይቅ ሰው።

ወደ ሬጅስትራር ወረድን። መስኮቱ ዝግ ነው። ከጎኑ ያለው የክፍያ መስኮት ግን ክፍት ነበር፤ ሰልፍም ነበረው። ሰኞ ሦስታችን ከሥራ አስፈቅደን ተመለስን። ያገኘነው መልስ በቃል ነበር፦ «ደንቡ ነው።» ደንቡን ማየት እንደምንፈልግ ተናገርን። አንደኛው ቢሮ ኢንኮምፕሊት የሚሟላው ሴሚስተር በተከፈተ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው አለን። ሁለተኛው ቢሮ ስድስት ሳምንት ነው አለ። ዲፓርትመንቱ ደግሞ መምህሩ እንደወሰነው ነው አለ። ጽሑፉን ያሳየን ሰው የለም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ተማሪው ኮርሱን ተከታትሎ፣ አብዛኛውን ምዘና ጨርሶ፣ በበቂ ምክንያት ፋይናል ሳይፈተን ወይም አንድ ሥራ ሳያስረክብ ሲቀር መምህሩ በውጤቱ ቦታ «አይ» (የኢንኮምፕሊት የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ I) ብሎ ይሞላል። «አላለቀም» ለማለት ነው። «ወደቀ» ለማለት አይደለም። የቀረው ሥራ እስኪገባ ቦታ የሚይዝ ምልክት ነው። ጊዜው ካለፈ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ይህ አሠራር የእኛ ግቢ ብቻ አይደለም፤ በራሱም አንቃወመውም። የጊዜ ገደብ ሊኖር ይገባል። ሳያጠኑ ቀርተው ጊዜ ለመግዛት ብለው ከፈተና የሚቀሩ እንዳሉም እናውቃለን። ለእነሱ አንከራከርም።

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ተማሪው ላይ ብቻ ነው። ተማሪው ከቀኑ ካሳለፈ ኤፍ ይጠብቀዋል። መምህሩ ቢያሳልፍ፣ ዲፓርትመንቱ ቢያሳልፍ፣ ሬጅስትራሩ ቢያሳልፍ ግን የሚጠየቅ የለም። እነሱ የዘገዩበትም ዞሮ ዞሮ እኛው ግሬድ ሪፖርት ላይ ኤፍ ሆኖ ይመጣል።

በመጀመሪያ የማነሳው የአንዲት የክፍላችን ልጅ ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ትሠራለች። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ላይ ውላ ቅዳሜ ክፍል ትገባለች። ለኮስት አካውንቲንግ ከ20 የሚያዝ አሳይንመንት ነበር። ግቢው ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዛ በቀኑ አስረከበች። ስታስረክብ የፈረመችበት ወረቀትም አለ። ሚድም ፋይናልም ተፈትናለች። መምህሩ ግን ውጤቱን ሳያጠናቅቅ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ። እሱ ሲሄድ አሳይንመንቱ «አልገባም» ተብሎ «አይ» ተሞላ። «አይ»ው ጊዜውን ጠብቆ ኤፍ ሆነ። እሷ ያወቀችው ለቀጣዩ ሴሚስተር ልትመዘገብ ስትሄድ ነው።

ዲፓርትመንቱን ለሁለት ወር ተመላልሰን ለመንን። በመጨረሻ የቢሮው ጸሐፊ አዝና ራሷ ፈለገችልን። ወረቀቶቹ ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች በታች ተገኙ። የእሷ ከላይ ሦስተኛው ነበር። ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለ። ስንገልጠው በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። 17 ከ20 ይላል። መምህሩ አርሞታል፤ ያላስገባው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ነበር። አላለቀም። የግሬድ ማስተካከያ ፎርሙ የኮርሱ መምህር ፊርማ ያስፈልገዋል ተባለ። መምህሩ አገር ውስጥ የለም። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ በእሱ ምትክ መፈረም አልችልም አሉ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ኤፉ እንዳለ ነው።

አንድ ኤፍ ምን ያህል ነው ለሚል ሰው ሒሳቡን ላስቀምጥ። በዚያ ሴሚስተር አምስት ኮርስ ወስዳለች፤ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት፣ በጠቅላላው 15። በአራቱ ሦስት ሲና አንድ ቢ አገኘች። ሲ 2፣ ቢ 3፣ ኤፍ 0 ሆኖ በክሬዲቱ ሲባዛ ይህ 27 ነጥብ ነው። በአምስተኛው ሲ እንኳ ብታገኝ 6 ተጨምሮ 33 ይሆናል፤ ለ15 ሲካፈል 2.20። ኤፍ ሲገባ ግን ያው 27 ለ15 ተካፍሎ 1.80 ሆነ። ከ2.00 በታች ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ኮርሱን እንደገና ለመውሰድም እንደገና መክፈል አለባት። ይህ ሁሉ የመጣው ሠርታ ላስረከበችው፣ ለታረመላትም ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መምህሩ ውጤት ሳያስገባ ሲቀር የሚሞላ ሌላ ምልክት አለ፤ «ኤን ጂ» ይባላል። ውጤት አልደረሰም ማለት ነው። የዚያ ዕዳ የመምህሩና የዲፓርትመንቱ ነው። እኛ ጋ ግን ሁለቱ ተደበላልቀዋል። የዘገየው ማን እንደሆነ ሳይጣራ «አይ» ይሞላል። «አይ» ከተሞላ በኋላ ጥፋቱ የተማሪው እንደሆነ ተደርጎ ይታያል። በእኛ እምነት የችግሩ ሥር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀላል።

ሁለተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው። ባጃጅ እየነዳ የሚማር ጓደኛችን በፈተና ሰሞን ታይፎይድ ያዘው። የታከመው ሰፈሩ ባለ የግል ክሊኒክ ነው። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ቀኑም ተጽፎበታል። «ከግቢው ክሊኒክ ካልሆነ ወይም ከመንግሥት ሆስፒታል ካልሆነ አንቀበልም» ተባለ። የግቢው ክሊኒክ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። እሱ ደግሞ የታመመው ማክሰኞ ማታ ቤቱ ነው። ትኩሳት ይዞት ሰው ወደ ቅርቡ ይሄዳል፤ ማኅተም መርጦ አይታመምም።

ሦስተኛው የወላድ ጉዳይ ነው፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ይርጋለም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። የእሁድ ፋይናል ሊደርስ አርብ ሌሊት ምጥ ያዛት፤ በደህና ተገላገለች። ሰኞ ባለቤቷ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዞ ሬጅስትራር መጣ። «ራሷ ትምጣ» አሉት። «አራስ ናት» አለ። «ፎርሙ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት» አሉት። ፎርሙን ወስዶ አስፈርሞ ላምጣ ቢል ፎርሙ ከቢሮ አይወጣም ተባለ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ከእናቷ ጋር ነበረች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች፤ ወገቧን ይዛ ነበር ደረጃውን የወጣችው። በእኛ አገር አራስ ሴት ውኃ ልቅዳ ብትል ጎረቤት ይጮህባታል። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ማመልከቻ የሚገባው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ እንደነበርና ማለፉን ነገሯት። ሜካፕ (የማካካሻ) ፈተና አልተፈቀደላትም። ኮርሱን ደግማ እየወሰደች ነው፤ ሕፃኑን አሁን እናቷ ይይዛሉ። ባለቤቷ በሦስተኛው ቀን መምጣቱን ግን የመዘገበ የለም።

የራሴንም ልጨምር። ባለፈው ዓመት እናቴ አለታ ወንዶ አረፈች። ቀብሩ ቅዳሜ ነበር፤ ፋይናሉም በዚያው ቅዳሜ። ለቅሶ ተቀምጬ በሚቀጥለው ሳምንት መጣሁ። ሊቀመንበሩና ጸሐፊው የፈረሙበት፣ ማኅተም ያለው የእድር ደብዳቤ ይዤ ነበር። የማመልከቻው ፎርም ምክንያት የሚመረጥበት ሦስት ቦታ አለው፦ ሕመም፣ አደጋ፣ የሥራ ግዳጅ። ሐዘን የሚል የለም። ፎርሙን የሰጠችኝ ሠራተኛ ነፍስ ይማር አለችኝ። ከልቧ ነበር። ደብዳቤዬን አገላብጣ አየችና «የቱ ላይ ላድርገው?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። እኔም አላወቅሁም። «ሌላ» ብላ በእጇ ጻፈችልኝ። ኮሚቴው በደንቡ ያልተዘረዘረ ምክንያት ነው ብሎ መለሰው። በሠራተኛዋ አልቀየምም። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ግን ሰው እንደሚሞት፣ የሞተም በወገኑ እንደሚቀበር ሊያስብ ይገባው ነበር።

የግሩፕ ፕሮጀክትንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አራት ሆነው የሠሩ ልጆች ነበሩ። አንዷ ድርሻዋን ሳትጨርስ ዐረብ አገር ሄደች። ለአራቱም «አይ» ተሞላ። ሦስቱ ድርሻቸውን ለየብቻ ቢያቀርቡም የሚያይላቸው አላገኙም።

የመጨረሻው ቀሪ ዕድሜያችንን የሚነካው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 ከመቶ ካላገኘ ዲግሪው አይሰጠውም። ስም ዝርዝር የሚልከው ተቋሙ ነው። ኮርሶቹን ያልጨረሰ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ይህም ተገቢ ነው። ግን ከኛ በላይ ካሉት ባቾች አንድ የባንክ ሠራተኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ የገባበት አንድ «አይ» እንዳለ የተነገረው ዝርዝሩ ከተላከ በኋላ ነው። ያንን ኮርስ አሟልቶ ነበር። መምህሩ ውጤቱን ጽፎ ሰጥቷል፤ ወረቀቱ ከዲፓርትመንት ወደ ሬጅስትራር ሳይሻገር ቀርቷል። በመካከሉ ለአራት ሴሚስተር መዝግባችሁታል፤ ለአራቱም ክፍያ ተቀብላችሁታል። አንድም ጊዜ «ያላለቀ ነገር አለብህ» ያለው የለም። ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ግዴታው ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የዕድገት ቦታ እስከዚያ አልጠበቀውም።

የሁላችንንም ስልክ ቁጥር ይዛችኋል። ይህን የምናውቀው የክፍያ ቀን በደረሰ ቁጥር መልእክት ስለሚደርሰን ነው። ከቀኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሲያልፍ ደግሞ ቅጣቱን ጨምሮ ሌላ ጊዜ ይገባል። ስለዚህ ተማሪውን ማግኘት አልቻልንም የሚል መልስ አንቀበልም።

መምህራኑም ጫና እንዳለባቸው እናያለን። በሳምንቱ መደበኛ ተማሪ፣ ቅዳሜና እሁድ እኛን፤ አንዱ ክፍል ብቻ ከ60 በላይ ነው። የሬጅስትራሩ ሠራተኞችም ጥቂት ናቸው። ይህንን በዝምታ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። ጫናው ግን የተማሪው ግሬድ ላይ መራገፍ የለበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት በዚያ ረቡዕ በወጣው ማስታወቂያ ምክንያት ወደ ኤፍ የተቀየሩት ግሬዶች ወደ ነበሩበት ይመለሱና አንድ በአንድ ይታዩ። የ14ታችንም ሰነድ ፎቶ ኮፒው ተዘጋጅቷል፤ ዋናውም እጃችን ላይ አለ። የኮስት አካውንቲንጓ ልጅ ጉዳይ ይቅደም። የታረመው ወረቀት አለ፤ ቁጥሩም አለ። መምህሩ በሌለበት የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወይም ዲኑ ፈርሞ ውጤቱ እንዲገባ ይደረግ። ይህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን መምህሩ ለለቀቀ ወይም ለትምህርት ለሄደ ኮርስ ሁሉ ቋሚ አሠራር ይሁን። መምህሩም ከግቢው ክሊራንስ ከማግኘቱ በፊት ውጤቱን አስገብቶ መጨረሱ ይረጋገጥ።

«አይ» እና «ኤን ጂ» ይለዩ። «አይ» የሚሞላ መምህር ምን እንደቀረ፣ ከስንት እንደሚያዝና በማን በኩል እንደቀረ በአንድ መስመር ይጻፍ። በመምህሩ ወይም በቢሮ በኩል የቀረ ነገር በምንም መንገድ ወደ ኤፍ እንዳይቀየር።

የጊዜ ገደቡ አንድ ይሁን፤ በጽሑፍ ይውጣ፤ በአማርኛም ይለጠፍ። መቆጠር የሚጀምረውም ተማሪው ስልክ ላይ መልእክት ከደረሰበት ቀን ይሁን። ለእኛ ደግሞ በሥራ ቀን ሳይሆን በቅዳሜና እሁድ ይቆጠርልን። አራት ቅዳሜና እሁድ ቢሰጠን ይበቃናል።

ፎርሙ ይሻሻል። ወሊድና የቅርብ ቤተሰብ ሐዘን በስማቸው ይግቡበት። ፈቃድ ያለው ጤና ተቋም የሰጠው ማስረጃ ሁሉ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ተቀባይነት ይኑረው። ለሐዘን የእድር ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ይበቃ። አራስና በሽተኛ በወኪል ማመልከት ይችሉ፤ ወኪሉ የመጣበት ቀንም እንደ ማመልከቻ ቀን ይመዝገብ። በግሩፕ ሥራ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል የሌሎቹ ድርሻ ለብቻው ይታረም።

ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት አንድ የሬጅስትራር መስኮት ይከፈት። ግሬድ የሚያይ፣ ማመልከቻ የሚቀበል አንድ ሰው በቂ ነው።

የመውጫ ፈተና ዝርዝር ከመላኩ ሁለት ወር በፊት ያልተሟላ ግሬድ ያለባቸው ተመራቂዎች በስልክ ይነገራቸው። በየሴሚስተሩ ምዝገባ ላይም ያልተሟላው ኮርስ ስሊፑ ላይ ተጽፎ ይሰጠን።

ለዚህ ደብዳቤ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አመልክተን የተመለሰልን በቃል ነበር፤ የቃል መልስ ይዘን ወደ ሌላ ቢሮ ስንሄድ የሚያምነን አላገኘንም። ለመነጋገር በማንኛውም ቅዳሜ ዝግጁ ነን። ሰኞም ከሆነ ከሥራ አስፈቅደን እንመጣለን፤ ቀኑን ብቻ ቀድማችሁ በስልክ አሳውቁን።

ከሠላምታ ጋር

የቅዳሜና እሁድ መርሃ ግብር የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪዎች ተወካይ
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለአካውንቲንግ ዲፓርትመንት
ለተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለቅዳሜና እሁድ መርሃ ግብር የክፍል ተወካዮች በሙሉ